«እንግዲህ» ብቻ የቀረችኝ ጊዜ

መጀመሪያ የጠፋኝ ቃል ውሃ ነው።

ዓይኔን ስገልጥ በአማቴ ቤት መደብ ላይ ተኝቻለሁ። ጉሮሮዬ ደርቋል። ቅሉ ከምሰሶው ላይ ተንጠልጥሎ ይታየኛል። በውስጡ ያለውን አውቀዋለሁ፤ ቅዝቃዜውን አውቀዋለሁ። ስሙ ግን የለም። አፌን ከፍቼ ልጠራው ስል «እንግዲህ» አልሁ።

አማቴ እሜቴ የሺ ከአጠገቤ ነበሩ። «እንግዲህ ምን?» አሉኝ።

«እንግዲህ» አልሁ።

ቀኝ እጄን ወደ ቅሉ ላነሣ ሞከርሁ። አልተነሣም። የሌላ ሰው እጅ ከጎኔ ያስተኙብኝ መሰለኝ። ያን ጊዜ ፈራሁ።

ይህን የምናገረው እንደኔ ለታመመና እንደ እሜቴ የሺ ለሚያስታምም ነው። እኔ እናገራለሁ፤ የወንድሜ ልጅ ትጽፋለች። ቃል ሲይዘኝ ብዕሯን አንሥታ ትጠብቀኛለች እንጂ አትቀድመኝም። ለምን እንዲያ እንደምታደርግ ወደ ኋላ ትረዱታላችሁ።

ስንዱ እባላለሁ። ቤታችን ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ፣ ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ሙሾ አውራጅ ነበርሁ። ሰው ሲሞት ይጠሩኛል፤ የሟቹን ዘር፣ ሥራና ጠባይ ጠይቄ እዚያው በግጥም እደረድራለሁ፤ ለቀስተኛው ይቀበለኛል። የጎጃም ሰው ግጥም ያውቃል፤ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ይፈልጋል። ወርቅ የሌለው ሙሾ ካወረድሽ በሌላ ቀን አይጠሩሽም። እኔን ከሽንዲ ድረስ በበቅሎ ይወስዱኝ ነበር።

ጣልያን ቡሬ ገብቶ ምሽግ ሲሠራ ባሌ ይርዳው ጠመንጃውን ይዞ ዱር ገባ። እኔ ከእናቱ ጋር ቀረሁ።

አንድ የገበያ ቀን ጣልያኖቹ አንድ ጎበዝ ከገበያው ዳር ካለው ዋርካ ላይ ሰቀሉ። ስንቅ ለአርበኛ ሲያደርስ ተያዘ ነው የተባለው። ቀድሞ የማውቀው ሰው አይደለም። ሬሳው እንዳይወርድና ማንም እንዳያለቅስ ታወጀ። እናቱ ከዋርካው ሥር ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነበር። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጥሎ ያልፋል። እኔ የያዝሁትን የጥጥ ቁና መሬት አስቀመጥሁና ቆምሁ። ላለቅስለት ነው የቆምሁት፤ ሳላስብ ያደረግሁት ነገር አይደለም።

ጎንበስ በል ቢሉትም እምቢ አለ አንገቱ፣
ከበላያቸው ላይ ሰቀሉት በከንቱ።

ሴቶቹ ተቀበሉኝ። አንዴ ብቻ ተቀበሉኝ። አንድ ባንዳ ግጥሙን ለወታደሩ በጆሮው ነገረው። ወታደሩ ጠመንጃውን ገልብጦ ሰደፉን አነሣብኝ።

ሕመሙን አላስታውስም። ድምፁን አስታውሳለሁ። ግራ ጆሮዬ አጠገብ ደረቅ እንጨት የተሰነጠቀ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ የማውቀው ነገር የለም።

ወጌሻው አያ ምሕረት ናቸው የደረሱልኝ። ነፍሴን ሳላውቅ ነው ያከሙኝ፤ የሆነውን እሜቴ የሺ ናቸው የነገሩኝ። ጸጉሬን ላጩ። ቁስሉን አፍልተው ባቀዘቀዙት ውሃ አጠቡ። አጥንቱ ወደ ውስጥ ሰምጧል። ስብርባሪውን በወረንጦ ለቀሙ። የሰመጠውን ቀስ ብለው አነሡት። ከሥሩ ያለው የአንጎል ስስ ልብስ ታየ። እንደ ልብ ይመታል። «ልብሱ አልተቀደደም፤ ከዚህ ወዲያ የእኔ እጅ አይገባም» አሉ። ማር ቀቡት። ንጹሕ ጨርቅ ጣሉበት። ሄዱ።

ስነቃ እንግዲህ ብቻ ቀርታኝ ነበር።

እንግዲህ የምትለው ቃል ለምን እንደተረፈችኝ አላውቅም። ራበኝ ለማለት እንግዲህ። ተዉኝ ለማለት እንግዲህ። የእሜቴ የሺን ስም ልጠራ ስል እንግዲህ። ቃሉ ትክክል እንዳልሆነ ከአፌ ሲወጣ እሰማዋለሁ፤ ልመልሰው ስል ያው ራሱ ይመጣል። ቀኝ እግሬ ይጎተታል። ቀኝ እጄ ጭብጥ ብሎ ደረቴ ላይ ይቀመጣል። ከአፌ ቀኝ ጥግ ምራቅ ይወርዳል፤ እኔ ሳላውቀው።

ከሁሉ የከፋው ይህ አልነበረም። የሚሉትን ሁሉ እሰማ ነበር። ሊጠይቁኝ የመጡ ሴቶች እፊቴ ተቀምጠው ስለኔ ያወራሉ። አንዷ «ዛር ነው» ትላለች። ሌላዋ «አእምሮዋ ሄዷል፤ እንደ ሕፃን ሆናለች» ትላለች። «ይርዳው ቢመለስ ምን ያደርጋታል? ሌላ ማግባቱ ነው» ያለችም ነበረች። እኔ እዚያው ነኝ። ሁሉም ይገባኛል። አእምሮዬ አልሄደም። አንድ ቀን ይህችን የመጨረሻዋን ሴት በግራ እጄ ይዤ፣ በእሷው ተደግፌ እግሬን እየጎተትሁ፣ እስከ በሩ አደረስኋት። «እንግዲህ!» አልኋት። ያን ቀን ገባት።

ጠበል ወስደውኛል። አልነቅፈውም፤ ልቤን አሳርፎልኛል። ቃሌ ግን እዚያም አልመጣም።

የእኔና የእሜቴ የሺ ነገር ቀድሞ ጥሩ አልነበረም። ምራት ሙሾ አውራጅ መሆኗን አይወዱትም ነበር፤ በየሰው ቤት የምትዞር ይሉኝ ነበር። ከተመታሁ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። በማንኪያ ሊያጎርሱኝ ሲሉ ፊቴን አዞርሁ። አልተቆጡም። ማንኪያውን ግራ እጄ ላይ አስቀመጡትና «በይ እንግዲያ ራስሽ ተዋጊው» ብለው ወጡ። ግማሹ ደረቴ ላይ ፈሰሰ። ግማሹን በላሁ። በማግስቱ ሽንብራ በሰፌድ አመጡልኝና በቀኝ እጄ አንድ አንድ ፍሬ እንድለቅም አዘዙኝ። ጣቶቼ አይዙም። ሽንብራው ይንከባለላል። «እንግዲህ!» እላለሁ በንዴት። «እንግዲህማ ልቀሚ» ይላሉ።

ንዴቴ ሙሉ ነበር። ከእኔ ላይ ሳይነካ የቀረው እሱ ነው፤ በእሱ ተደግፌ ነው የተነሣሁት።

ክረምቱ እንደገባ ይርዳው ሞተ የሚል ወሬ መጣ። ከደምበጫ በላይ በተደረገ ውጊያ ወድቋል አሉ። ለቅሶ መቀመጥ አይቻልም፤ የአርበኛ ቤት ለቅሶ ከተሰማ ለጣልያን ያደረው የአገሩ ሹም ሰው ይልካል። እሜቴ የሺ በሩን ዘጉና ከጓዳ ጥግ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያለቅሱ ጀመር። «ልጄ፣ ወንድ ልጄ፣ ልጄ…» ይላሉ። ዜማውን ከላይ ይዘው ይጀምሩታል፣ መሀል ላይ ይሰበርባቸዋል፣ መልሰው ከላይ ይጀምሩታል። ግጥም የለውም። ለዚያ ሰው፣ ለይርዳው፣ እንዲህ ሊለቀስ አይገባም። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ተነሣ። በግራ እጄ ጉልበቴን መታሁና አፌን ከፈትሁ።

ጥሩት ከዱር ይምጣ አይቀርም ብሎኛል፣
ከቃሉ ቀድሞ ሞት ምን ቸኩሎበታል?

እሜቴ የሺ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ። ከዚያ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ።

«ተናገርሽ እኮ» አሉ።

«እንግዲህ» አልሁ።

ደግሜ ልናገር ሞከርሁ፤ አልመጣም። ዜማውን ስጀምር መጣ። ሁለቱንም ስንኝ ከዳር እስከ ዳር አልሁት። እሜቴ የሺ እንባቸውን ጠርገው ከተቀመጡበት ተነሡና ቅሉን አመጡ። ውሃውን በፊቴ ቀዱት፤ አልሰጡኝም።

«በዜማ ለምኚኝ» አሉ።

የሚያስቅ ነገር ነው፤ ልጃቸው ሞተ የተባለ ሴት ምራታቸውን በሙሾ ዜማ ውሃ ያስለምናሉ። ጉልበቴን እየመታሁ «ውሃ ስጡኝ እሜቴ፣ ደርቋል ጉሮሮዬ» አልሁ። ቃሉ መጣ። ከዚያ በፊት ምን ያህል ጊዜ ፈልጌው ያጣሁት ቃል በዜማው ላይ ተቀምጦ መጣ። ጠጣሁ። ሁለታችንም አለቀስን፤ የቱ ለይርዳው፣ የቱ ለውሃው እንደሆነ አላውቅም።

የይርዳው ሞት ውሸት ነበር። ክረምቱ ሳይወጣ «ደኅና ነኝ» ብሎ ሰው ላከ። በሕይወት ላለ ሰው አልቅሰን ነበር።

የዜማዬን ነገር ደበቅነው። ለምን እንደሆነ ወዲያው ታየ። ያ ሹም ድዳ የሆንሁት ባሌ ያለበትን ላለመናገር ነው ብሎ ለምሽጉ ነገረ። ሁለት ባንዳ መጥተው እኔን በበቅሎ ጭነው ወደ ቡሬ ወሰዱን። እሜቴ የሺ ከበቅሎዋ ጎን በእግራቸው እየሄዱ «የማሰሮ አፍ እንደሚከደን ክደኚው። ዜማ ብልጭ እንዳይል» አሉኝ። አስመሳይ ናት ከተባልሁ ግርፋቱ እስክናገር ድረስ ነው። ለመናገር ደግሞ እችል ነበር። የይርዳው ሰዎች የት እንደሚያድሩ አውቃለሁ። ዝፈኚው ቢሉኝ መንገዱን ከነወንዙ እዘፍነው ነበር።

በምሽጉ ውስጥ አንድ መኮንን፣ አንድ አስተርጓሚና አንድ ሐኪም ነበሩ። ሐኪሙ ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። አልተቆጣም፤ አልሣቀምም። ምላሴን አስወጣኝ። ሁለት ጣቱን በሁለቱም እጄ አስጨበጠኝ። ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታው፤ ግራው ትንሽ ተነቃነቀ፣ ቀኙ ግን ተወርውሮ ወጣ። ከዚያ የውስጥ እግሬን በቁልፍ ጫፍ ከተረከዝ ወደ ጣት ጫረው። የግራ እግሬ ጣቶች ወደ ታች ታጠፉ። የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ብቻዋን ቀና አለች። እኔ አላዘዝኋትም።

ሐኪሙ ተናገረ፤ አስተርጓሚው ተረጎመው። «እግሯ አይዋሽም ይላል። ሰው በምላሱ ሊያስመስል ይችላል፣ ይህችን ጣት ግን እንዲህ ሊያደርግ አይችልም። ሕመሙ ከአንጎሏ ነው።»

መኮንኑ ደስ አላለውም። ልንወጣ ስንነሣ ሐኪሙ እጁን አነሣና አንድ ነገር ጨመረ።

አስተርጓሚው «ትዘፍናለች ወይ? ይላል» አለ።

እሜቴ የሺ አልዘገዩም።

«ባሏ ዱር የገባባት ሴት በምን አንጀቷ ትዘፍናለች?» አሉ።

አስተርጓሚው ተረጎመለት። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። እሜቴ የሺን አየ፤ እኔን አየ፤ ጉልበቴ ላይ ያለችውን ግራ እጄን አየ። እጄ ሳላውቀው ምት ልትመታ ተነሥታ ነበር፤ መልሼ አስቀመጥኋት። «ትሂድ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ሥራ ነው። ሕመም ላይ ላለ ሰው ልነግረው የምፈልገው ከሁሉ በላይ ይህንን ነው፤ ተአምር አልነበረም፣ ሥራ ነበር። በየጠዋቱ ከብቱ ከወጣ በኋላ እሜቴ የሺ በሩን ገርበብ አድርገው ከፊቴ ይቀመጣሉ፤ እኔ በግራ እጄ ጉልበቴን እየመታሁ የቤቱን ዕቃ ሁሉ በዜማ እጠራለሁ፦ ምሰሶ፣ መጅ፣ ወንፊት፣ ሞሰብ። ሽሮው ጨው አነሰው ለማለት በሙሾ ዜማ ሳወርደው በበሩ ያለፈች ጎረቤት «ማን ሞተ?» ብላ ገብታለች፤ እሜቴ የሺም «የሽሮዬ ባለሙያነት ሞተ» ብለው መለሷት። ቃሉ በዜማ ሲለመድልኝ ዜማውን ቀስ በቀስ እናሳጥረዋለን፣ ከዚያ ምቱን ብቻ እናስቀራለን፣ ከዚያ በሹክሹክታ፣ በመጨረሻም ያለ ምንም ደጋፊ ቃሉን ብቻ እለዋለሁ። አንዳንዱ ቃል በሳምንት መጣ፤ አንዳንዱ ክረምትና በጋ ፈጀ። የሰው ስም ከሁሉ ዘገየብኝ። እግሬም እንዲሁ፤ በመጀመሪያ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ የእሜቴ የሺን ትከሻ፣ ኋላ ከወይራ የተቆረጠ ከዘራ ይዤ፣ እስከ ወንዙ ወርጄ ለመመለስ በቃሁ። ቀኝ እጄ ሽንብራ መልቀም ቻለ፤ ጥጥ ማባዘት ቻለ፤ እንዝርት ማሽከርከር ግን አልተመለሰለትም፣ ስለዚህ በግራዬ መፍተል ተማርሁ፤ ዛሬም የምፈትለው በግራዬ ነው፣ ክሩም አይዋልልም።

ጣልያን ወጥቶ ይርዳው ተመለሰ። በር ላይ ቆሞ ሳለ የምለውን ብዙ ቀን ተለማምጄው ነበር። «ቤትህ ነው፣ ግባ» አልሁት። ያለ ዜማ። ሦስት ቃል ናት፤ አምጥቼ የወለድኋት ያህል ናት። እሱም ቆሞ አለቀሰ።

ግን ደግሞ እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከዚያ በኋላ ከይርዳው ጋር ተጣልተናል። እኔ ቃል ስፈልግ እሱ ይቀድመኛል። «ማ…» ስል «ማሰሮ? ማር? ማጭድ?» ይላል። ለኔ አዝኖ ነው። እኔ ግን አፌ ላይ የደረሰው ቃል ይበተንብኛል። እንግዳ በመጣ ቁጥር «እሷ ማለት የፈለገችው» እያለ ስለኔ ይናገራል። አንድ ቀን በሰው ፊት ከዘራዬን መሬት መታሁና «እኔ… አለሁ። ዝም… በል» አልሁት። በአገራችን ሚስት ባሏን እንዲህ አትልም። እሜቴ የሺ ከእንግዶቹ ቀድመው «እሰይ» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ይጠብቀኛል።

ከነጻነት ጥቂት ዓመት በኋላ ይርዳው ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ወሰደኝ፤ የሚጥል ሕመም ጀምሮኝ ነበር። የአንጎል ጠባሳ አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል አሉኝ፤ በመድኃኒት ቆሞልኛል። ያከመኝ ሐኪም የነርቭ ነገር የሚያውቅ ነበር። የሆንሁትን ሁሉ ቀስ ብዬ ነገርሁት። እሱም አልቀደመኝም። ከዚያ ከኖራ የተሠራ የሰው ራስ ከመደርደሪያ አወረደ፤ እንደ ሞሰብ ይከፈታል። ያስተማረኝን እንደገባኝ ላስተላልፍላችሁ፤ በሽታውን ያወቀ ሰው ዛር ነው ብሎ አይፈርድምና።

አንጎል በራስ ቅል ውስጥ በሦስት ስስ ልብስ ተጠቅልሎ በውሃ መሰል ፈሳሽ ላይ ተንሳፎ ይቀመጣል። አያ ምሕረት ያዩት ልብስ የላይኛው፣ ጠንካራው ነው። ትልቁ ክፍል ሴሬብረም ይባላል፤ ግራና ቀኝ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። ማሰብ፣ ማዘዝ፣ ማስታወስ፣ ማየትና መስማት በዚህ ነው። ከበስተኋላ ከሥሩ ያለችው ትንሿ ሴሬቤለም ናት፤ ሰው ሲቆምና ሲራመድ እንዳይንገዳገድ ሚዛኑን ትጠብቃለች። ከመሀል ወደ ታች የሚወርደው የአንጎል ግንድ ነው፤ ትንፋሽንና የልብ ምትን ተኝተንም ቢሆን አይዘነጋም። ከግንዱ ቀጥሎ ኅብለ ሰረሰር በጀርባ አጥንት ውስጥ እንደ ገመድ ይወርዳል፤ ትእዛዝ ወደ እጅና እግር ያወርዳል፣ ሕመምና ሙቀት ወደ ላይ ያደርሳል።

«ግራዬን ተመትቼ ለምን ቀኜ ሞተ?» አልሁት።

«ከላይ የሚወርዱት የትእዛዝ መንገዶች በአንጎል ግንድ ታች ይሻገራሉ» አለኝ። «የግራው አንጎል ቀኝ ጎንን ያዛል፣ የቀኙ ግራውን። ጉልበትሽ በመዶሻ ሲመታ የሚወረወረው ደግሞ ከኅብለ ሰረሰር ነው፤ አንጎልን አይጠብቅም። አንጎል የሚያደርገው ልክ ማስያዝ ነው። ልክ አስያዡ ሲጎዳ እግር ይበረግጋል፣ አውራ ጣትም ቀና ይላል።»

«ቃሌስ?»

በኖራው ራስ ላይ ከግራ ጆሮ ከፍ ብሎ ወደ ፊት ያለውን ቦታ በጣቱ ነካ። «በአብዛኛው ሰው ንግግር የሚቀነባበረው እዚህ ነው። ሲጎዳ የሚመጣው አፌዥያ ይባላል። ምላስሽ አልታመመም። ጆሮሽ አልታመመም። የሚገባሽም አእምሮሽ ስላልሄደ ነው።»

አእምሮሽ አልሄደም። ይህን ከሰው አፍ ለመስማት ስንት ዓመት እንደጠበቅሁ። የኖራውን ራስ በግራ እጄ ዳሰስሁት።

«ዜማውስ የት ነው ያለው?» አልሁት በኋላ።

«ሁሉንም አናውቅም» አለ። «የቀኙ ጎን በዜማ ላይ ትልቅ ድርሻ ያለው ይመስለናል። መናገር ያቃተው ሰው መዝፈን መቻሉን ግን የነርቭ ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል።»

የነርቭ ሐኪም ሁሉ ያውቀዋል። የቡሬው ባለ መነጽር ትዝ አለኝ። «ትዘፍናለች ወይ?» ሲል ለምን እንደጠየቀ ያን ቀን ገባኝ። አውቆ ነው የለቀቀኝ? ወይስ የእሜቴ የሺን ነገር አምኖ? አገሬን ሊገዛ ከመጣ ጦር ጋር የመጣ ሰው ነው። ላመስግነው ላላመስግነው እስካሁን አልቆረጥሁም። ሳልቆርጥ ብሞትም ግድ የለኝም።

የማመሰግናቸውን ግን አውቃቸዋለሁ። እጃቸው የማይገባበትን አውቀው ያቆሙትን አያ ምሕረትን አመሰግናለሁ። ይርዳውን አመሰግናለሁ፤ ለኩሩ ሰው መጠበቅ መማር ከባድ ነው። እሜቴ የሺን እንዴት እንደማመሰግናቸው አላውቅም። ሲሞቱ ሙሾአቸውን ያወረድሁት እኔ ነኝ። ሦስት ቀን ሙሉ አወረድሁ፤ አንድም ቃል አልያዘኝም።

ለታመምህ፣ ለታመምሽ የምለው ይህ ነው። ቃልህ መጥፋቱ አንተ ጠፋህ ማለት አይደለም። በራስህ ላይ ሲያወሩ ዝም አትበል፤ ድምፅ ካጣህ እጅህን፣ እጅ ካጣህ ዓይንህን አንሣ። የቀረችህ አንዲት ቃል ብትሆን በእሷ አትፈር። የሞተው እጅህን አትሸፍነው፤ ሥራ ስጠው። ጸሎት፣ መዝሙር፣ ቆጠራ፣ እርግማንም ቢሆን፣ በቃልህ የያዝኸውን ሁሉ ሞክር፤ በየት በኩል እንደሚከፈት አይታወቅም። ቃል ሲጠፋብህ ጎረቤቱን ጥራ። እኔ ዛሬም ወንፊት ሲጠፋብኝ «ዱቄት የሚነፋው» እላለሁ፤ ወንፊቱ ይመጣልኛል።

ለምታስታምሙ ደግሞ፤ የሰው አፍ ድንገት ከተጣመመ፣ እጁ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ ዛር ነው፣ ምች ነው እያላችሁ አትዋሉ። ዛሬ ሐኪም ቤት አለ፤ በዚያው ሰዓት ውሰዱት። ከዚያ በኋላ ደግሞ አጠር አድርጋችሁ አናግሩት፣ አትጩኹበት፣ መስማት አልተሳነውምና። በፊቱ ስለሱ አታውሩ። አትቅደሙት።

ባለፈው ጥጋብ ወር፣ አዝመራው ገብቶ ሳለ፣ አንዲት ሴት ከሽንዲ ልትጠራኝ መጣች። ባሏ አያ ታከለ ገበሬ ናቸው። ማንም አልመታቸውም፤ አንድ ጠዋት ሲነሡ ቀኝ ጎናቸው ዝሎ ንግግራቸው ጠፍቷል። ሐኪም የደም ሥር በአንጎላቸው ውስጥ ተዘግቶ ነው ብሏቸዋል። ልጆቹ «አበቃለት» ብለው ከብቱን ሊከፋፈሉ ያወራሉ አለች፤ እሳቸው እየሰሙ። በቅሎ ላይ ወጣሁ።

አያ ታከለ ከደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዓይናቸውን አየሁት። ያ ዓይን የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የተናደደ ሰው ዓይን ነው። ደስ አለኝ።

«ሲያርሱ ለበሬያቸው ምን ይሉ ነበር?» አልኋት ሚስትየውን።

«ያዜሙለት ነበር» አለች።

ዜማውን አሰማችኝ። ከጎናቸው ተቀመጥሁና በግራ ጉልበታቸው ላይ በቀስታ እየመታሁ ጀመርሁ። «ሳበው እንጂ ሳበው፣ የላሜ ልጅ ሳበው» አልሁ። ደገምሁት። ሦስተኛው ላይ ከንፈራቸው ተነቃነቀ። የበሬው ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ስደርስ አቆምሁ፤ እጄ ብቻ መምታቱን ቀጠለ።

አፋቸው ተከፈተ። ምንም አልወጣም። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። ሚስትየዋ ልትረዳቸው ስትል እጄን አነሣሁ። ልጆቹም ቆሙ። ጠበቅናቸው።

«ቦራ» አሉ አያ ታከለ።